በሩን ይመልከቱ፦ ስለ አንድ የአሌክሳንድሪያ የጡብ ቤት ፎቶግራፍ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። በቅርቡ አንድ ቤተሰብ የሟች ዘመዱን የቤት ዕቃ ሲሸጥ አሮጌ ፎቶግራፍ ገዛሁ። በግራጫ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ሲሆን መጠኑ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ከመንገድ ማዶ የተነሣ ነው፤ በስተቀኝ፣ የመንገዱ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ቤት፣ በስተግራው ደግሞ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ዝቅ ያለ ሌላ የጡብ ቤት ያሳያል። የትልቁ ቤት በር ጌጥ የሌለው ተራ በር ነው። ከፊቱ የሸራ ጣሪያ ያላት መኪና ቆማለች። ሽርጥ ያደረገ ነጭ ሰውና የእጅ ጋሪ የያዘ ጥቁር ሰው ይታያሉ። ፎቶግራፉን ዘንበል ሳደርገው ጥቁር ጥቁሩ ቦታ እንደ ብር ያብለጨልጫል። በጀርባው በእርሳስ በእንግሊዝኛ «የጋድስቢ ታቨርን፣ ዋሽንግተን የጨፈረበት፣ 1799» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩም «የ1799 ፎቶ ነው» ብሎኛል። እውነት ነው? ቤቱስ በእርግጥ እርሱ ነው? በምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ ብሰቅለውስ?

ምላሽ፦ የላኩልኝን የፊቱን፣ የጀርባውንና የበሩን ምስል ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። ቤቱ እርሱ ነው። ፎቶግራፉ ግን የ1799 አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የተነሣው ከ1917 በኋላ፣ ከ1949 በፊት ነው። የእኔን ግምት ከጠየቁኝ በ1920ዎቹ ውስጥ፣ ምናልባትም ከ1929 በፊት ነው እላለሁ። ግድግዳ ላይ ስለመስቀሉ ዋናውን እንዳይሰቅሉት አጥብቄ እመክራለሁ። ምክንያቶቼን ከዚህ በታች ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሻጩ ቃል እንጀምር። በ1799 በዓለም ላይ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ከመስኮቱ የሚያየውን በቆርቆሮ ላይ ያስቀረው በ1820ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር የፈጠረው የፎቶግራፍ ዘዴ ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ደግሞ በ1839 ነው። ታቨርን ማለት ለመንገደኛ ምግብ፣ መጠጥና ማደሪያ የሚሰጥ ቤት ነው፤ ይህ ታቨርን በስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊው ጆን ጋድስቢ ቤቱን ተከራይቶ የሠራበት ከ1796 እስከ 1808 ነበር። ስለዚህ ጋድስቢ በደጃፉ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ያየ ካሜራ የለም። በዓለም ላይ ያለው የቤቱ ፎቶግራፍ ሁሉ ጋድስቢ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሲያረጅ የተነሣ ነው። ይህን የምልዎት ለማሳዘን አይደለም። ሻጮች የቤቱን ዕድሜ ለፎቶግራፉ ይሰጡታል፤ ገዢም ደስ ስለሚለው ይቀበላል። ፎቶግራፉ የራሱ ዕድሜና የራሱ ታሪክ አለው፤ የእርስዎ ፎቶግራፍ ታሪክ ደግሞ ሻጩ ከነገረዎት የበለጠ ትኩረት የሚስብ ነው።

የእርሳሱ ጽሑፍ ግን ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን የልደት ቀኑ በሚከበርበት የየካቲት ግብዣ ላይ በዚህ ቤት በ1798 እና በ1799 ተገኝቷል። በኅዳር 1799 የከተማዋ የጭፈራ ማኅበር ለክረምቱ ግብዣዎች እርሱንና ባለቤቱን ሲጠራቸው ግን በደብዳቤ አመስግኖ፣ የእኛ የጭፈራ ዘመን አልፏል ብሎ መለሰ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኘው በማውንት ቨርነን ቤቱ ዐረፈ። እናም ጽሑፉን የጻፈው ሰው የቤቱን ዝና ያውቅ ነበር፤ 1799ን የጻፈውም ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ፎቶግራፉ አልነበረም። ሻጩ ያነበበው አዛብቶ ነው። ጽሑፉን እንዳያጠፉት። እርሳስ ወረቀት አይጎዳም፤ የጻፈውም ሰው ቢሆን የታሪኩ አካል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አሮጌ ፎቶግራፍ ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የማየው ቤቱን ወይም ሰዎቹን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ሥዕል ሊያሳስት ይችላል፤ ወረቀቱና ኬሚካሉ ግን ከተሠሩበት ዘመን ቀድመው ሊገኙ አይችሉም። ከ1850ዎቹ አጋማሽ እስከ 1890ዎቹ ገደማ አብዛኛው ፎቶግራፍ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ሕትመት ቡናማ መልክ አለው፤ ብሩህ ቦታው ከጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ቢያዩት ከምስሉ ሥር የወረቀቱ ክሮች ወለል ብለው ይታያሉ፤ ፊቱም በደቃቅ ስንጥቆች የተሞላ ነው። የእርስዎ ፎቶግራፍ እንዲህ አይደለም። መልኩ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ክሮቹም አይታዩም፤ ምክንያቱም በወረቀቱና በምስሉ መካከል የወረቀቱን ሸካራነት የሚሸፍን ነጭ ንጣፍ አለ። ይህ በጄላቲን የተሠራ የብር ሕትመት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእንቁላሉን ወረቀት እየተካ መጥቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የነገሠው ይህ ዓይነት ነው።

ያዩት ብልጭታ ይህንኑ ያረጋግጣል። በጄላቲኑ ውስጥ ያሉት የብር ቅንጣቶች በአየር ውስጥ ባለ ብክለትና ከመጥፎ ካርቶን በሚወጣ ጋዝ ይጠቃሉ፤ ብሩ ሟምቶ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱ ላይ ተመልሶ እንደ መስታወት ይጋገራል። ብዙ ብር ያለው በጥቁሩ ቦታ ስለሆነ ብልጭታው የሚበረታው እዚያው፣ በተለይ በጠርዞቹ አካባቢ ነው። በመሐረብ ሊጠርጉት አይሞክሩ። ያ ብልጭታ የምስሉ አካል ነው፤ ተፍቆ ከሄደ አይመለስም።

ቀጥሎ ቤቱ። በአሌክሳንድሪያ አሮጌ የጡብ ማረፊያ ቤት ሞልቷል፤ በተለይ አንዱ ከጋድስቢ ታቨርን ጋር እየተምታታ ሰውን ሲያሳስት ኖሯል። በኪንግና በፒት ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ማርሻል ሐውስ የሚባል የጡብ ሆቴል ነበር። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ጀመረ፣ ግንቦት 24 ቀን 1861፣ የሰሜኑ ሠራዊት ከተማዋን ሲይዝ ኮሎኔል ኤልመር ኤልስዎርዝ ጣሪያው ላይ ይውለበለብ የነበረውን የደቡቦችን ሰንደቅ ዓላማ አውርዶ በደረጃው ሲወርድ የሆቴሉ ጌታ ጄምስ ጃክሰን ተኩሶ ገደለው፤ ጃክሰንም ወዲያው በወታደር ተገደለ። ኤልስዎርዝ በዚያ ጦርነት የሞተ የመጀመሪያው የሰሜን መኮንን ስለነበር ሆቴሉ ባንድ ጊዜ ስሙ ገነነ። የሚጎበኙት ወታደሮች ከደረጃው እንጨት እየፈለጡ ለመታሰቢያ ወሰዱ፤ ፎቶግራፉም በትንንሽ ካርዶች እየታተመ በብዛት ተሸጠ። ዛሬ ገበያ ላይ «የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ታቨርን» እየተባለ ከሚቀርበው ብዙው የዚያ ቤት ምስል ነው። ያ ሕንፃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ፈርሷል፤ በቦታውም ሌላ ሆቴል ቆሟል።

የእርስዎ ቤት ያ እንዳልሆነ የሚያሳየኝ የሁለቱ ሕንፃዎች አቀማመጥ ነው። የጋድስቢ ታቨርን አንድ ቤት ሳይሆን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ናቸው፦ በ1785 ገደማ የተሠራው ዝቅተኛው፣ እና ጆን ዋይዝ የተባለ ነጋዴ በ1792 በሮያልና በካመረን ጎዳናዎች ጥግ ላይ ያሠራው ትልቁ ሆቴል። ከሮያል ጎዳና ማዶ፣ የከተማው አዳራሽ ባለበት በኩል ቆመው ቢመለከቱ ረጅሙ በቀኝዎ ጥጉ ላይ፣ አጭሩ በግራዎ ይሆናል። በፎቶግራፍዎ ላይ ያለውም ልክ እንደዚህ ነው። ይህ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ኔጌቲቩ፣ ሕትመቱ የወጣበት ፊልም ወይም መስታወት፣ ተገልብጦ አልታተመም ማለት ነው። የተገለበጠ ኔጌቲቭ ቀኙን ግራ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት የሚያውቀውን ቤት አይቶ «አይደለም» ይላል።

ጡቡንም አይቻለሁ። በላኩልኝ ቅርብ ምስል ላይ በበሩ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ ቢያዩ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱ ጡብ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ፣ እንደገና በረጅም ጎኑ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ግንበኞች ይህን የፍሌሚሽ አገነባብ ይሉታል። ብዙ ጡብና ብዙ ልፋት የሚጠይቅ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ አቅም ያለው ሰው ለቤቱ ፊት የሚመርጠው ዓይነት ነው። በኋላ የተለመደው ርካሹ አሠራር አምስት ወይም ስድስት ረድፍ በረጅም ጎን ከደረደሩ በኋላ አንድ ረድፍ በአጭር ጎን የሚያስገባ ነው። ዋይዝ በጡቡ አልሰሰተም፤ ከተማዋ የትንባሆና የእህል ወደብ ሆና እየከበረች የሄደችበት ጊዜ ነበር፤ ሆቴሉም ከመርከብ የሚወርደውን ነጋዴ ዓይን መሳብ ነበረበት።

ዋናው ማስረጃ ግን በሩ ነው። እርስዎ «ተራ በር» ብለው ያለፉት ነገር ለእኔ የፎቶግራፉ ልብ ነው። የ1792ቱ ሕንፃ በር ተራ አልነበረም። በባለሙያ አናጺ የተቀረጸ፣ ከላዩ የሦስት ማዕዘን ቁንጮ ያለው፣ ለመላው ፊት ግርማ የሚሰጥ መቃን ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቱ ሲያረጅ፣ ሆቴልነቱ ሲያበቃና ክፍሎቹ ለተለያየ ሥራ ሲውሉ እንኳ ያ በር በቦታው ቆይቷል። ከዚያም በ1917 የኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በሩንና የላይኛውን የጭፈራ አዳራሽ የእንጨት ሥራ፣ ሙዚቀኞች የሚቀመጡበትን ሰገነት ጨምሮ ገዝቶ፣ ነቅሎ ወሰደው። ዋሽንግተን የተገኘበት አዳራሽ ዛሬም የሚታየው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በ1924 በተከፈተው የቤተ መዘክሩ የአሜሪካ ክፍል ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለው በአምሳሉ የተሠራ ነው።

ለቤተ መዘክሩ ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። በዚያ ጊዜ የከተማዋ ሰው ለቤቱ ግድ አልነበረውም፤ ጌጡ ባይነቀል ኖሮ በዝናብና በቸልተኝነት በስብሶ ሊቀር ይችል ነበር። ሆኖም ያ በር ሲሄድ ብዙዎች ነቁ። በ1929 የአሜሪካ የጦር አርበኞች ማኅበር የአካባቢው ቅርንጫፍ ሕንፃዎቹን ገዝቶ ከመፍረስ አዳናቸው፤ በ1946 ከተማዋ አሮጌውን ሰፈር በሕግ ጠበቀች፤ በ1949 በሩ ከኒው ዮርክ ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ተተከለ፤ በ1972 ማኅበሩ ሕንፃዎቹን ለከተማዋ አስረከበ፤ ታድሰውም በ1976፣ በአገሪቱ 200ኛ ዓመት በዓል ለሕዝብ ተከፈቱ። ዛሬ ቤተ መዘክር የሆነውን የታቨርኑን በር የሚያልፍ ሁሉ ይህን ታሪክ አያውቀውም። የእርስዎ ፎቶግራፍ የያዘው በሩ የጠፋባቸውን 32 ዓመታት ነው፤ ቤቱ ለተቀዳጀው ዝና ሳይሆን ለደረሰበት ውርደት ምስክር ነው። እኔ ብሆን ጌጠኛው በር በቦታው ካለበት ፎቶግራፍ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ፤ ያንን ዛሬም ሄዶ ማንሳት ይቻላልና።

እንግዲህ ጌጠኛው በር የሌለበት ፎቶግራፍ ከ1917 እስከ 1949 ባለው ጊዜ የተነሣ ነው። ከዚህ በላይ ለማጥበብ ስንሞክር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምስሉ ላይ የጦር አርበኞቹ ማኅበር ሰሌዳ አይታይም፤ ይህ ከ1929 በፊት መሆኑን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ሰሌዳው በሌላው ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገና አልተሰቀለም ይሆናል። የበሩ አለመኖር ግን እንዲህ አይደለም፤ በዚያች ቦታ በር እንደነበረ፣ መቼ እንደተነቀለና መቼ እንደተመለሰ እናውቃለን። በሥራዬ ውስጥ ለጀማሪዎች ደጋግሜ የማስተምረው ይህንን ልዩነት ነው፦ መኖር የነበረበት ነገር ሲጠፋ ማስረጃ ነው፤ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ሲጠፋ ግን ፍንጭ ብቻ ነው። የመኪናዋ የሸራ ጣሪያም ፍንጭ ነው። ክፍት መኪናዎች እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያቸው የማይታጠፍ ዝግ መኪናዎች አሸነፏቸው። ሰው ግን መኪናውን ዓመታት ይነዳዋልና፣ መኪናዋ ቢያንስ ከዚህ በፊት አይደለም የሚለውን እንጂ ከዚህ በኋላ አይደለም የሚለውን አትነግረንም።

ስለ ሁለቱ ሰዎች አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጋሪ የያዘው ሰው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። ፎቶግራፍ አንሺው ሆን ብሎ አስገብቶት ይሁን ዝም ብሎ ገብቶ አላውቅም፤ ግን አለ። በጋድስቢ ዘመን በዚህ ቤት ምግብ ያበሰሉት፣ ፈረስ ያጠቡት፣ የእንግዳ ሻንጣ የተሸከሙት፣ ሌሊት እሳት ያነደዱት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ከጥጉ ሥር፣ ከመንገዱ ወለል በታች ዛሬም ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ የሚታይ ትልቅ የበረዶ ጉድጓድ አለ። በክረምት ከወንዙ የተቆረጠ በረዶ እዚያ ተከማችቶ በበጋ ለእንግዶች ይቀርብ ነበር። ያን በረዶ ቆርጦ፣ ጎትቶ፣ ወደዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ያወረደው ክንድ የማን እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዱክ ጎዳና ላይ፣ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ከ1828 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ደቡብ የሸጡበት የጡብ ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። የእርስዎ ፎቶግራፍ ሲነሣ ባርነት ከቀረ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቢሆንም የቨርጂኒያ ሕግ ገና ጥቁሩን ከነጩ ይለይ ነበር። ክፈፍ ሲያሠሩ ባለሙያው «ሕንፃው መሐል እንዲሆን ጠርዙን ልቁረጠው» ቢልዎት እንዳይፈቅዱለት አደራ እላለሁ። የሚቆረጠው ያ ሰው ነው።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። ከአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ በቅርቡ የተነሣ ቅጂ ቢሆንስ? ይህን በቤትዎ ማጣራት ይችላሉ። በመጀመሪያ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት፤ ምስሉ እንደ ጋዜጣ ሥዕል ከተደረደሩ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገንዘብ ለመመርመር የሚያገለግለውን የአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት፤ በምግብ ቤትዎ ገንዘብ መቀበያ ላይ ይኖርዎት ይሆናል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የፎቶግራፍ ወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀቱ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ኬሚካል መጨመር ጀምረዋል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በዚያ ብርሃን ሥር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ሆኖ ይበራል። የእርስዎ ደብዝዞ ከቀረ ከዚያ በፊት የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ሙከራ ከአገር ቤት ይዘናቸው ለመጣናቸው የቤተሰብ ፎቶግራፎችም ይሠራል። እግረ መንገዴን፣ በእነዚያ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ልጆችዎ ሰባት ስምንት ዓመት እንዳይሳሳቱ አጠገቡ «ዓ.ም.» ብለው በለስላሳ እርሳስ ይጻፉበት።

ግድግዳ ላይ መስቀሉን እንመልከት። ምግብ ቤት ለፎቶግራፍ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። የሽንኩርትና የቅቤ እንፋሎት አለ፤ ቡና ሲፈላ የዕጣን ጭስ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የሚበራ መብራት አለ፤ ወጥ ቤቱ ሲሠራ ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። የጀመረው የብር ብልጭታ እዚያ በፍጥነት ይብሳል፤ ጄላቲኑ እርጥበት ስቦ ከመስታወቱ ጋር ሊጣበቅም ይችላል። ስለዚህ በጥሩ ስካነር ቅጂ ያሠሩና ቅጂውን ይስቀሉት። ዋናውን ለፎቶግራፍ ማቆያ ተብሎ በተሠራና ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ወይም በፖሊየስተር ከረጢት ውስጥ አድርገው ቀዝቀዝ ባለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ በአግድም ያስቀምጡት፤ ጓዳና ምድር ቤት አይሆኑም። ሽታው የሚከረፋ ፕላስቲክ ይጎዳዋል። ላሚኔት አያስደርጉት፤ ተለጣፊ ፕላስተርም አያስነኩት። ግራጫው ካርቶን አሲድ ያለውና የሚሰባበር ቢሆንም ራስዎ ለመላጥ አይሞክሩ፤ በዚህ መንገድ ምስሉ ለሁለት የተከፈለበት ፎቶግራፍ ብዙ አይቻለሁ። ካርቶኑ የግድ መነሣት ካለበት የሚያነሣው የወረቀት ጥገና ባለሙያ ነው።

በምግብ ዝርዝር ወይም በማስታወቂያ ላይ ሊያሳትሙት ካሰቡ ግን የቅጂ መብት ነገር ይነሣል፤ አንሺው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅና ታትሞ የወጣ ስለማይመስል ጉዳዩ የተወሳሰበ ነው። ለዚህ ዓላማ ቀላሉ መንገድ በ1933 የተጀመረው የአሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃዎች ቅየሳ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች መጠቀም ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያቀርባቸዋል፤ ከአሌክሳንድሪያ ሕንፃዎች ብዙዎቹ አሉበት።

ዓመቱን ከዚህ በላይ ማጥበብ ከፈለጉ የሚቀሩ ሁለት ጥሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው መኪናዋ ናት። በ1920ዎቹ የቨርጂኒያ የመኪና ሰሌዳ ዓመቱን በላዩ የያዘ ነበር። የእርስዎ ፎቶግራፍ በመጠኑና በጥራቱ ከትልቅ የመስታወት ወይም የፊልም ኔጌቲቭ በቀጥታ የታተመ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ሕትመት በዓይን የማይታይ ዝርዝር ይይዛል። የመኪናዋን የፊት ክፍል ብቻ በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ አድርገው ያስነሡት። በላኩልኝ ምስል ላይ ሰሌዳው እንደ ነጭ ጭረት ነው የሚታየኝ፤ ከዋናው ላይ ግን ቁጥሮቹ ሊነበቡ ይችላሉ። ከጥግ ያለው የሱቅ ጽሑፍም እንዲሁ።

ሁለተኛው መንገድ ካርታ ነው። ሳንቦርን የተባለ ድርጅት ለእሳት መድን ኩባንያዎች የከተሞችን ካርታ ቤት በቤት ያነሣ ነበር፤ የጡብ ቤት በሮዝ፣ የእንጨት ቤት በቢጫ ቀለም ተለይቶ፣ ሱቅ ይሁን መኖሪያ፣ ስንት ደርብ እንደሆነ ተጽፎበታል። የአሌክሳንድሪያ ካርታዎች ከ1885 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ወጥተዋል። በክዊን ጎዳና በሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ካርታዎቹንና በየጊዜው ይታተሙ የነበሩትን የነዋሪዎችና የነጋዴዎች አድራሻ መጻሕፍት ያገኛሉ። ከሱቁ ስም ሁለት ፊደል እንኳ ካነበቡ፣ በሮያል ጎዳና ሥር በዚያ ቁጥር ማን እንደነበረ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ይችላሉ። በዚያ ዘመን የደቡብ ከተሞች የአድራሻ መጻሕፍት ጥቁር ነዋሪዎችን በልዩ ምልክት ይለዩ ስለነበር በአካባቢው ጋሪ እየገፋ የሚያድር ሰው ስምም ከዚያው ሊወጣ ይችላል። ስም አገኘን ብሎ «ይህ እርሱ ነው» ማለት ግን አይቻልም፤ በዚያ ሰፈር እንደ እርሱ የሚሠሩ ብዙ ነበሩ።

ሲሄዱ ዋናውን ፎቶግራፍ ሳይሆን ስካኑን ይውሰዱ፤ የጀርባውን ጽሑፍም አብረው ያስነሡ። የሰሌዳው ቁጥር ከተነበበልዎ ይላኩልኝ፤ ዓመቱን አብረን እናጣራለን።